የካኪው ገበር

በአብዮት በዓል ጠዋት ገረመው ቦሌ በሚገኘው ቀበሌው ደጃፍ ላይ በወንዶቹ ሰልፍ ቆሞ በሆዱ ከሚስቱ ጋር ይጣላ ነበር። ዓመቱ ቢለወጥም ክረምቱ አልለቀቀም፤ ካፊያው አላባራም፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው ሜዳ የሚነሳው ነፋስ አጥንት ይሰብራል። ከካኪ በላይ መደረብ ደግሞ ክልክል ነው። እናም ዘርፌ፣ የሳንባ ምች ይዞት የከረመው ባሏ ዳግም እንዳይወድቅባት፣ ጋቢ ተርትራ በጃኬቱ ውስጥ ገበር አድርጋ ሰፋችው።

«የእናቴን ጋቢ በመቀስ?» ብሎ ነበር የተነሳባት።

«አራት ድርብ ነው፤ ሁለቱን ላንተ፣ ሁለቱን ለኔ ጃኬት አደረግኩት። እናትህ ብትኖር መቀሱን ታቀብለኝ ነበር» አለችው።

የቀበሌው ሊቀ መንበር ሰልፉን እየቃኘ መጥቶ ደረቱን ነካ አደረገው። «ጓድ ገረመው፣ ወፍረሃል። ከሥር ምንድን ነው?»

«ደረት ነው» አለ ገረመው።

ሊቀ መንበሩ ጥርሱ እየተንገጫገጨ ወደ ጆሮው ጠጋ አለ። «ባለቤትህ ለእኔም ትሰፋልኝ ይሆን?»

ገረመው ሳቁን እያፈነ ወደ ሴቶቹ ሰልፍ ዞረ። ዘርፌ እጆቿን ብብቷ ውስጥ ወሽቃ ትንቀጠቀጣለች። የጃኬቱን ጫፍ ገለበጠና የገበሩን ድርብ በጣቱ ቆጠረ። አራት ነው። ወዲያው ሰልፉን ጥሎ ሄደ።

«ጓድ፣ ቦታህ እዚህ ነው» አለ ሊቀ መንበሩ ከኋላው።

«ቦታዬ በነፋሱ በኩል ነው» አለና ከዘርፌ ጎን ቆመ። ከዚያም ጃኬቱን ከፍቶ፣ «አንቺ ውሸታም» እያለ ግማሹን አለበሳት።