ማንም ያላየው ብርጭቆ ውሃ

"ትን አላቸው! ድረሺልኝ!"

ሮጬ ስገባ የሚስተር ኖቫክ ፊት ቀልቷል... ዓይናቸው ፈጧል።

ኮሪን ደግፋ ይዛቸው ጀርባቸውን ትመታለች።

ሳሉ... ሳሉ... በስንት መከራ ትንፋሻቸው ተመለሰ።

በሩን ዘጋሁት።

"ምንድነው የሰጠሻቸው?"

"ውሃ..."

"የወፈረውን?"

"ተራውን..."

ክው አልኩ።

ነገሩ እንዲገባችሁ... እኔና ኮሪን ቶሊዶ፣ ኦሃዮ ውስጥ አንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ ነበር የምንሠራው። ሚስተር ኖቫክን ስትሮክ ጉሮሯቸውንም አንደበታቸውንም ቀምቷቸዋል። ውሃ የሚጠጡት በዱቄት ተወፍሮ፣ እንደ አጥሚት ሆኖ ነው። ቀጭን ከሆነ ወደ ሳንባቸው ይገባል።

ከአፋቸው የምትወጣው ቃል ደግሞ አንዲት ብቻ ነች... "ማክሰኞ"።

ሲርባቸውም ማክሰኞ፣ ሲከፋቸውም ማክሰኞ።

የዚያን ቀን ቧንቧውን እያሳዩ፣ እንባ አቅርረው "ማክሰኞ... ማክሰኞ..." ሲሏት አንጀቷን በሏት። ቀድታ ሰጠቻቸው።

አሁን የባሰውን ስሙ...

ኮሪን የንግግር ሕክምና ማስተርስ ለመማር ለአምስት ዩኒቨርሲቲዎች እያመለከተች ነበር። ለዚህ ትምህርት መቶዎች አመልክተው የሚገቡት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። አምና ሞክራ አንዱም አልተቀበላትም። ዘንድሮ ካልሆነ በቃኝ ብላለች።

ማመልከቻው ሊዘጋ ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል። የጎደላት አንድ የምስክርነት ደብዳቤ ብቻ ነው።

ጸሐፊዋ ማን መሰሏችሁ? የመሥሪያ ቤታችን የንግግርና የመዋጥ ችግር ሐኪም፣ ሚስስ ሃልቨርሰን... "ቀጭን ውሃ ክልክል ነው" የሚለውን ወረቀት ከሚስተር ኖቫክ አልጋ በላይ የለጠፉት ራሳቸው!

"ለማንም ትንፍሽ እንዳትዪ" አልኳት።

አዎ፣ እኔ ነኝ ያልኳት። አላሳምረውም።

"ማን አየሽ? እሳቸው እንደሆኑ ከማክሰኞ ሌላ አይወጣቸውም!"

ቀና ብላ አየችኝ... ያ አስተያየቷ እስከዛሬ ያሳፍረኛል።

በሩን ከፍታ ወጣች። ቀጥታ ወደ ሚስስ ሃልቨርሰን ቢሮ።

ወዲያው ሐኪም ተጠራ። ሳንባቸው ራጅ ተነሣ፣ መድኃኒት ተጀመረ። ሁለት ቀን ሙሉ ትኩሳቱ አልወርድ አለ። ኮሪን ስልኳ በጮኸ ቁጥር "ሞቱ ሊሉኝ ነው" እያለች ትበረግጋለች። እህል አልቀምስ አለች።

በሦስተኛው ቀን ትኩሳቱ ለቀቃቸው። "አንድ ቀን ብንዘገይ ኖሮ አናተርፋቸውም ነበር" አለ ሐኪሙ።

እሷ ግን የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጣት።

ከዚያ ሚስስ ሃልቨርሰን አስጠሯት።

"አሁንም ደብዳቤውን እኔ እንድጽፍልሽ ትፈልጊያለሽ?"

"አዎ..."

"ያየሁትን ሁሉ ነው የምጽፈው። ቀባብቶ መጻፍ አልችልበትም።"

"ይጻፉት።"

የማመልከቻው ፎርም ላይ አንዲት ትንሽ ሳጥን አለች... "ስለ እኔ የተጻፈውን የማየት መብቴን ትቻለሁ" የምትል። እሷ ላይ ምልክት ካላደረግሽ ደብዳቤውን የሚያምንልሽ የለም። ኮሪን ምልክት አደረገች።

"ራስሽን በገዛ እጅሽ ገደል ከተትሽ!" ብዬ ጮህኩባት።

የካቲት ላይ መልስ መምጣት ጀመረ...

አንደኛው... "እናዝናለን።"

ሁለተኛው... "እናዝናለን።"

ሦስተኛው... አራተኛው... ያው።

"አላልኩሽም?" አልኳት። የኔ ነገር!

አምስተኛው ግን ለኢንተርቪው ጠራት፣ በዙም። የሷ ውሻ በጩኸት ቤት ስለሚያፈርስ እኔ ቤት መጣች። ከካሜራው ውጪ ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩ። ከሷ ይልቅ የጨነቀኝ እኔ ነበርኩ።

አንዲት ሽበታም ፕሮፌሰር ብቅ አሉ።

"የሠራሽውን ስህተት ንገሪኝ።"

እንዴ! ደብዳቤው ላይ ምን እንዳለ አታውቅም... እሳቸው ምን እንደሚያውቁም አታውቅም።

በእጄም በጭንቅላቴም "ተይ! ሌላ ነገር አውሪ!" አልኳት።

አላየችኝም። ወይም አይታ ተወችኝ።

"ለአንድ ታካሚ ቀጭን ውሃ ሰጠሁ" አለች። ሁሉንም ነገረቻቸው።

"ስትሰጪ ክፍሉ ውስጥ ማን ነበር?"

"እሳቸውና እኔ ብቻ።"

"እሳቸው መናገር አይችሉም አልሽ። ዝም ብትዪ ማን ያውቅ ነበር?"

ወደ ካሜራው ቀና አለች።

"ማንም። ለዚህ እኮ ነው የተናገርኩት። እሳቸው እኔን መክሰስ አይችሉም። እኔ ደግሞ መናገር ያቃተውን ሰው ልረዳ ነው የምማረው። ዝምታቸውን መደበቂያ ካደረግኩት... ምን ልሠራ እናንተ ጋ እመጣለሁ?"

ፕሮፌሰሯ መነጽራቸውን አወለቁ።

"ይህን ደብዳቤው ላይ ከወር በፊት አንብበነዋል። የጠራንሽ ካንቺ አፍ ለመስማት ነው።"

በሳምንቱ ተቀባይነት አገኘች!

ያን ቀን ሚስስ ሃልቨርሰን የደብዳቤውን ቅጂ ሰጧት። አራቱ ዩኒቨርሲቲዎች ያልተቀበሏት በእሱ ምክንያት ይሁን አይሁን አላውቅም። ስህተቱ አንድም ሳይቀር ተጽፏል። የመጨረሻው መስመር ግን እንዲህ ይላል...

"እኔ ራሴ አንደበቴ የተዘጋ ቀን፣ አልጋዬ አጠገብ እንድትቆም የምፈልገው ይህችን ልጅ ነው።"

ሁለታችንም አለቀስን። እኔ ግን ያለቀስኩት በራሴ አፍሬ ነው።

ወዳጆቼ... የማይሳሳት ሰው የለም። የሚታመነው፣ የበደለው ሰው መናገር ባይችል እንኳ ሄዶ የሚናገር ነው። ዋጋ ያስከፍላል፤ አራት በር ሊዘጋባችሁ ይችላል። ሰው ግን ይተርፋል።

እናንተ በኮሪን ቦታ ብትሆኑ... ማንም ሳያያችሁ፣ የልፋታችሁ ሁሉ መጨረሻ ዘጠኝ ቀን ሲቀረው... ትናገሩ ነበር?

እኔ አልናገርም ነበር። እናንተስ? እውነቱን ብቻ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ...