በሠፈሩ መሃል ወይስ በረግረጉ

ከከተማው እስከ አውሮፕላን ማረፊያው የባቡር ሐዲድ ሊዘረጋ ነው ተባለ። የታሰቡት መንገዶች ሁለት ነበሩ፤ አንዱ ሠፈር አፍርሶ ያልፋል፣ ሌላው ዞሮ በረግረጉ ላይ ያልፋል። የትኛው እንደሚሻል አጥንታ ለኮሚቴው የምታቀርበው መሐንዲስ ተወልዳ ያደገችው እዚያው ሊፈርስ በታሰበው ሠፈር ነው። ወላጆቿም አሁን ድረስ እዚያው ይኖራሉ።

ወሬው ሲሰማ ጎረቤቱ ሁሉ ፊት ነሳት።

«እናቷን ሜዳ ላይ ልትጥል!» አሉ።

ቅዳሜ ልትጠይቃቸው ሄደች። አባቷ እንደ ልማዳቸው ወንበራቸውን በሩ ላይ አስጠግተው ተቀምጠዋል። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ከዚያ አይነሱም፤ ቁልፉም ከኪሳቸው አይለይም። እናቷ በዚያ ሙቀት እጀ ረጅም ሹራብ ለብሳ ሳህን ታጥባለች።

«ከፈረሰ ምትክ ቤት እስኪሰጣችሁ አንቺ እኔ ጋ ትሆኛለሽ፤ አባባ ደግሞ አጎቴ ጋ» አለቻት። «ክፍሌ ለሦስት አትበቃም። ምን ትያለሽ እማዬ?»

እናቷ መጀመሪያ ወደ በሩ አየች።

«ከዚህ ቤት የሚወጣው ሬሳዬ ነው» አለች ጮክ ብላ።

«ሰማሽ?» አሉ አባቷ። «እናትሽ ያለዚህ ቤት አንድ ቀን አታድርም።»

መሐንዲሷ እውነቱን ታውቀዋለች። የረግረጉ መሬት ይሰምጣል፤ መንገዱም ሩቅ ነው። በሙያዋ ብትፈርድ የሠፈሩ መስመር ይሻላል። ኮሚቴው ፊት ስትቆም ግን የእናቷ ድምፅ ጆሮዋ ላይ አቃጨለ። ለማታምንበት መስመር ተከራከረች።

«እርግጠኛ ነሽ?» አላት አለቃዋ፣ ዐይን ዐይኗን እያየ።

«እርግጠኛ ነኝ።»

ባቡሩ በረግረጉ በኩል እንዲሄድ ተወሰነ።

ሠፈሩ ወጥቶ ተቀበላት። ትናንት ፊት የነሷት አገላብጠው ሳሟት። አባቷ እንኳ ከወንበራቸው ተነስተው «የኔ ልጅ እኮ ናት!» እያሉ ደረታቸውን ነፉ።

እናቷን ከጓዳ አገኘቻት፤ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች።

«አለቀ እማዬ! ከእንግዲህ ማንም አይነቀንቅሽም። ዕድሜሽን ሙሉ እዚሁ ነሽ።»

እናቷ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ልጅቷ የደስታ መስሏት አቀፈቻት። ከውጭ የአባቷ ሳቅ ይሰማል።

እናቷ ሳቁ እስኪርቅ ጠበቀችና ጆሮዋ ሥር አንሾካሾከች፦

«ልጄ፣ ልብሴን ሸክፌ እኮ ነበር፤ ከአባትሽ የሚያስጥለኝ ያ ባቡር ብቻ ነበር።»