ከድብ ባሕር የመጣው ደብዳቤ

ዳኛው የሚባለው የሐኪም ቤቱ ድሬሰር ደብዳቤውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙሮ ጮክ ብሎ ያነብ ጀመር። ፈረንጁ ሐኪም አማርኛ ስለማያውቅ ዳኛው ካነበበ በኋላ ይተረጉምለታል። ባንቺአየሁ ባሏ ከተኛበት አልጋ ግርጌ ቆማለች፤ ለንባቡ ብዙም ጆሮ አልሰጠችውም። ወንድሟ ካነበበላት ዘጠኝ ቀን አልፏል፤ ቃሉን በቃሏ ይዛዋለች።

«‹ኅዳር ዐሥራ አምስት ቀን። ከድብ ባሕር ክሊኒክ፣ ለጎንደር ሐኪም ቤት። በሽተኛው ሰጠኝ የሻው፣ መሪጌታ ወልደኢየሱስ ለኮሶ ብለው የሰጡትን የሥር መድኃኒት ጠጥቶ ሁለት ቀን ሲያስመልሰውና ሲያስቀምጠው ሰንብቷል። ከትናንት ወዲህ ሽንቱ ቆሟል፤ ፊቱም ማበጥ ጀምሯል። ኩላሊቱ ተጎድቷል ብዬ እሠጋለሁ፤ ከእኔ አቅም በላይ ነው። አንድ ቀን ሳያድር ሐኪም ይየው። እስከዚያው ውሃ በብዛት እንዳይጠጣ።›»

ሐኪሙ ትርጉሙን ሰምቶ የበሽተኛውን ቅልጥም በአውራ ጣቱ ተጫነው። ጣቱን ሲያነሳ ጉድጓዱ እንዳለ ቀረ።

«እኅቴ፣ ዛሬ እኮ ሃያ አራት ነው» አለ ዳኛው። «ይህን ሁሉ ቀን የት ነበራችሁ?»

«እዚሁ። ቁስቋም፣ ወንድሜ ቤት።»

«ጎንደር ገብታችሁ?»

«በዚያችው ዕለት በጭነት ማኪና መጣን እንጂ፤ ስንደርስ መሽቶ ነበር። ደብዳቤው ጠበል ይጠጣ ይላል አይደል? ሰባት ቀን፣ ሌላ ሳይቀምስ፣ መድኃኒቱ ከሆዱ እስኪታጠብ። ሐኪም ቤት የሚቀበላችሁ ከዚያ ወዲያ ነው ይላል።»

«እንደዚያ የሚል የለበትም።»

«ምነው፣ ደግመህ እየው እንጂ ወንድሜ።»

ደግሞ አየላት፤ በየመስመሩ ጣቱን እያስኬደ፣ ቀስ ብሎ። ጠበል የለም። ሰባት ቀን የለም። አንድ ቀን ሳያድር የምትለው ግን አለች፤ ከሥሯም ተሰምሮባታል።

ባንቺአየሁ እጆቿን አየች። በእነዚህ እጆች ነው በየማለዳው ማሰሮ ሙሉ እየቀዳች ያጠጣችው። «በቃኝ፣ ባንቺ፣ አፈነኝ» ሲላት፣ «ለእኔ ስትል» እያለች ስትግተው ነው የሰነበተች። ወንድሟ ከራስጌ ቆሞ ይደግምለት ነበር። «ጨምሪለት» ይላት ነበር። ከቤቱ ደጃፍ ሆነው ቁልቁል ሲያዩ ደግሞ የሐኪም ቤቱ ቆርቆሮ ፀሐይ ሲያርፍበት ያንጸባርቅ ነበር።

«ይድናል?»

ሐኪሙ ረጅም ነገር ተናገረ። ዳኛው አሳጥሮ ነገራት። «በጊዜ ቢመጣ ኩላሊቱ የመመለስ ተስፋ ነበረው፤ የብዙ ሰው ይመለሳል ይላል። አሁን ውሃው ሳንባው ድረስ ደርሷል። እንሞክራለን ይላል።»

«እንሞክራለን» ማለት ምን ማለት እንደሆነ ከዳኛው ፊት ላይ አየችው። አላለቀሰችም፤ ልቅሶው ቦታ አላገኘም። መላ ሰውነቷን የያዘው ሌላ ነገር ነበር።

«መሪጌታ ወልደኢየሱስ ማናቸው?» አለ ዳኛው።

«የእናቴ ልጅ፤ ያው ያነበበልኝ።»

ለሚካኤል በዓል ወደ ድብ ባሕር የወጣ ጊዜ ነበር መድኃኒቱን የሰጠው። ቅኔ ቤት ሳለ ስንቁን ተሸክማ የምታመላልስለት እሷ ነበረች። «መድኃኒቴ ጎዳው፣ ፈጥነሽ አድርሺው» ብሏት ቢሆን ኖሮ እግሩ ላይ ወድቃ ታመሰግነው ነበር። ለስሙ ብሎ ነው! ስሙ ሐኪም ፊት እንዳይነበብ! ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ይባላል፤ ፈረስስ እንስሳ ነው።

«ስሙ የቱ ጋ ነው የተጻፈ?»

ፊደል አልቆጠረችም። ዳኛው ጣቷን ይዞ ሁለተኛው መስመር ጫፍ ላይ አሳረፈላት። ቦታውን አጠናችው። «ላንድ አፍታ ስጠኝ፣ እመልሳታለሁ» ብላ ወረቀቱን ይዛ ወጣች።

መሪጌታ ወልደኢየሱስ ነጭ ጥምጥሙን አሳምሮ፣ መቋሚያውን ተደግፎ፣ ባሕር ዛፍ ሥር ከቃሬዛ ተሸካሚዎቹ ጋር ተቀምጧል። አራቱም ሰዎች አፉን ያዩታል። ድሮም እሱ ባለበት የሚያወራው እሱ ብቻ ነው።

«ምን አሉሽ ባንቺ? ሸጋ ነው?»

«ደብዳቤውን አምጥቻታለሁ አያ። እስቲ አንድ ጊዜ ደግመህ አንብብልኝ።»

ተቀበላት። ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ በዚያ በማሕሌት በለመደው ድምፅ አነበበላት፦ «‹ሰባት ቀን ጠበል ይጠጣ፤ ሌላ እንዳይቀምስ። መድኃኒቱ ከሆዱ ሲታጠብ ሐኪም ቤት ይቀበለዋል።›» ከፊተኛው ንባቡ አንዲት ቃል አልሳተም፣ አንዲት አልጨመረም። ምናልባት ዓይኑ ደክሞ ተሳስቶ ይሆናል ብላ ከበሩ እስከ ዛፉ ድረስ ለራሷ ስትነግረው የመጣችው ነገር እዚያው ቀረ።

ጣቷን ሁለተኛው መስመር ጫፍ ላይ አሳረፈች።

«ይህችስ አያ? ምን ትላለች?»

ጣቷን አየ። ጉሮሮውን ጠረገ። ተሸካሚዎቹ ይጠብቃሉ።

«ይህችማ... የሚካኤል ስም ናት። በሚካኤል ስም ብሎ ነው የጻፈ።»

ተሸካሚዎቹ ስሙን ሰምተው አማተቡ።

«የመልአኩ ስም ናት?»

«አዎን፣ የመልአኩ።»

ወረቀቱን ከእጁ ወሰደች። በሁለት እጇ ዘርግታ፣ ጣቷን ከቦታው ሳታነሳ፣ ወደ አፉ አስጠጋችለት።

«እንግዲያ ተሳለማት።»

መሪጌታው ተሸካሚዎቹን አየ። ከበሩ ላይ ቆሞ የሚመለከተውን ዳኛውን አየ። ከዚያም ጥምጥሙን በአንድ እጁ ያዝ አድርጎ፣ አጎንብሶ፣ የገዛ ስሙን ሳመ።