የእናቱ ፊት የተለጠፈበት የወጣትነት ክኒን

"አልሸጥልሽም።"

ደንበኛዋ እጇን ቦርሳዋ ውስጥ እንደከተተች ደርቃ ቀረች...

"እንዴ እናቴ፣ ሱቁ ክፍት ነው፣ ክኒኑም ይኸው መደርደሪያው ላይ... ለምንድነው የማይሸጡልኝ?"

"ልጄ፣ ሌላ የፈለግሽውን ውሰጂ። ይሄን ግን ከእኔ እጅ አታገኚም።"

ደንበኛዋ የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት ናት። ሻሿን ጠበቅ አድርጋ አስራለች፤ ከሥሩ ገና እንደ አዲስ የሚበቅል አጭር ፀጉር ይታያል።

ከባንኮኒው ጀርባ የቆሙት ደግሞ የመኪና መንዳት አሰልጣኝ ናቸው። ስንቱን ፈሪ መሪ አስጨብጠው አውራ ጎዳና ያስወጡ... ተማሪዎቻቸው "እትዬ ፍሬን" የሚሏቸው።

የዛን ቀን ግን ሱቅ ጠባቂ ነበሩ። ልጃቸው ከመጋዘን ዕቃ ሊያወጣ ሲሄድ "እማዬ፣ እስክመለስ ቁጭ በይልኝ" ብሏቸው ነው።

ልጁ የውበትና የጤና ምርቶች ይሸጣል። በሱቅም፣ በኢንተርኔትም።

ከሁሉ በላይ የሚቸበቸብለት ዲኤችኢኤ የሚባል የሆርሞን ክኒን ነበር። እሱ "የወጣትነት ክኒን" ይለዋል።

ማስታወቂያው ላይ ያለችው ሴት ማን ትመስላችኋለች?

እናቱ...

ግድግዳውን ግማሽ የሸፈነ ፎቶ። ጉንጫቸው ያበራል፣ ግንባራቸው ላይ አንዲት መስመር የለችም። ከሥሩ "እናቴ ስድሳን ተሻግራለች። ሚስጥሯ እዚህ ጠርሙስ ውስጥ ነው" ይላል።

እትዬ ፍሬን ጽሑፉን ያዩት ያን ዕለት ጠዋት ነው። ልጃቸው "ለሱቁ ነው" ብሎ ፎቶ ሲያነሳቸው የፊት ቅባት ሊያስተዋውቅ መስሏቸው ነበር።

"እርስዎን አይቼ እኮ ነው የመጣሁት" አለች መምህርቷ። "ጡቴን ታምሜ ስታከም ከረምኩ። አሁን ጨርሻለሁ... ግን መስታወት ፊት ስቆም የማላውቃት አሮጊት ናት የምታየኝ። ሕፃናቱ እንኳ 'ቲቸር፣ ደከመሽ?' ይሉኛል። እንደ እርስዎ መሆን ነው የፈለግኩት።"

እትዬ ፍሬን ጠርሙሱን አንስተው ከጀርባቸው አስቀመጡት።

"ሐኪምሽ ያውቃል?"

"ቫይታሚን ነገር ስለሆነ... አልነገርኩትም።"

"ቫይታሚን አይደለም። ሆርሞን ነው።"

ይሄኔ ልጁ ካርቶን ተሸክሞ ገባ።

"እማዬ፣ ምን ተፈጠረ?"

"ለዚች ልጅ ክኒንህን አልሸጥም ብያለሁ።"

ልጁ ካርቶኑን አውርዶ ለደንበኛዋ ፈገግ አለላት።

"ይቅርታ እህቴ፣ እናቴ ስለማታውቀው ነው። ሰውነታችን ራሱ የሚያመርተው ነገር እኮ ነው። ዕድሜ ሲገፋ ይቀንሳል፣ እኛ እንተካዋለን... በቃ።"

"መቀነሱስ ልክ ነው" አሉ እናቱ። "ግን ስትውጠው ሰውነት ውስጥ ገብቶ ወደ ሴትና ወደ ወንድ ሆርሞን ይለወጣል። አንዳንዱ የጡት ካንሰር ደግሞ በዚያ ሆርሞን ነው የሚያድገው። እንዳትነኪው ነው የተባልኩት።"

"ማነው ያለሽ?"

"ሐኪሜ።"

"የምን ሐኪም?"

እትዬ ፍሬን ወንበር ስበው ተቀመጡ...

"ዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ዓመት ላይ እያለህ፣ አክስትህን እያስታመምኩ ነው ያልኩህ ጊዜ ትዝ ይልሃል?"

"አዎ... ለምርቃቴ ስትመጪ ከስተሽ ነበር። ማስታመሙ ጎድቷት ነው ብዬ..."

"አስታማሚዋ አክስትህ ነበረች። ታማሚዋ እኔ ነኝ።"

ልጁ ያወረደው ካርቶን ላይ ቁጭ አለ።

"ግራ ጡቴን ተቆርጫለሁ። ፈተናህን ጥለህ እንዳትመጣ ብዬ ደበቅኩህ። ከዛ በኋላ ደግሞ... ዛሬ ነገ ስል ዓመታት አለፉ።"

ልጁ ቀና ብሎ ግድግዳውን አየ...

ክኒኑን ሲሸጥበት የከረመው ፊት፣ ክኒኑ የተከለከለባት ሴት ፊት ነበር።

እናቱም እንደዛች ደንበኛ "ወጣት ልሁን" ብለው ከመደርደሪያው አንዱን አንስተው ቢውጡስ ኖሮ?

"አሁኑኑ አወርደዋለሁ" አለ ወደ ፎቶው እየሄደ።

"ማውረዱ አይበቃም። ፊቴን አምነው የገዙትስ? ስልክህን አውጣና ቅረጸኝ።"

"እማዬ... አገር ሁሉ ያውቅብሻል እኮ።"

"ይወቅ።"

ኮሌታቸውን አስተካክለው ካሜራውን ፊት ለፊት አዩት።

"ፎቶው ላይ ያለሁት እኔ ነኝ። ይሄን ክኒን አንድም ቀን ቀምሼው አላውቅም። ቆዳዬን የወረስኩት ከእናቴ ነው፣ ምንም አልደከምኩበትም። እኔ ራሴ የጡት ካንሰር ታክሜያለሁ። እርጅናን ይመልሳል የተባለው አልተረጋገጠም። የጡትም የፕሮስቴትም ካንሰር ያገኛችሁ ደግሞ ሐኪማችሁ ሳያውቅ እንዳትነኩት። የገዛችሁ አምጡት፣ ልጄ ገንዘባችሁን ይመልሳል።"

የገንዘቡን ነገር ልጃቸውን ሳያማክሩ ነው የተናገሩት... እሱም ቀረጻውን አላቆመም።

ቪዲዮው ከወጣ በኋላ "ተፎካካሪዎቹ ከፍለዋት ነው" ያለም ነበር። የተሳደበም አልጠፋም።

አንድ ሰው ግን "አባቴ የፕሮስቴት ካንሰር ታሞ ነበር፣ ክኒኑን ከእኛ ተደብቆ ሲወስድ አገኘሁት። ዛሬ አብረን ሐኪም ጋ ሄድን" ብሎ ጻፈ።

ልጁ ያን ሲያነብ ስልኩን አንስቶ ለገዢዎቹ አንድ በአንድ መደወል ጀመረ። ጆሮው ላይ የዘጉበት ነበሩ... መልሶ ደወለ።

ገበያው ቀዘቀዘበት። ሱቁን ሊዘጋ ሁሉ ደርሶ ነበር፣ ግን አልዘጋም። ዛሬ ሳሙናና ቅባት ይሸጣል። ትርፉ ትንሽ ነው፣ እሱም አያማርርም።

መምህርቷስ?

የክትትል ቀጠሮዋ ሲደርስ እትዬ ፍሬን ራሳቸው መኪና ይዘው ደጇ ቆሙ። የእሳቸውንም ቀጠሮ በዚያው ቀን አድርገውታል።

ከኋላ ወንበር ልጃቸው ተቀምጧል... እናቱ ለዓመታት ብቻቸውን ሲመላለሱበት የኖሩትን መንገድ ለመጀመሪያ ጊዜ አብሯቸው ሊሄድ።

ወዳጆቼ... ሰውነታችን ስላመረተው ብቻ፣ ከጠርሙስ ስንውጠው አይጎዳንም ማለት አይደለም። ለወጣትነት ብለን የምንወስደውን ነገር ከሐኪም አንደብቅ። ሕመማችንንም ከሚወዱን ሰዎች አንደብቅ... ባለማወቃቸው ነው የሚጎዱን።

እስቲ ልጠይቃችሁ... እናታችሁና አባታችሁ ጠዋት ጠዋት ምን ክኒን እንደሚወስዱ ታውቃላችሁ? ካላወቃችሁ ዛሬውኑ ጠይቋቸውና ምን እንዳሏችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ።