የክሌይፎርድ ድምፅ

«ድልድያችንን ልታስፈርሺው ነው አሉ። እውነት ነው?»

ዶሎረስ የታናሽ እህቷን ክንድ ጨምድዳ የያዘቻት የሸለቆው ዘጠኝ ከተሞች የሚሰበሰቡበት አዳራሽ በር ላይ ነው። ወጪ ገቢው እየገፋቸው ያልፋል። ዕረፍቱ ሊያበቃ ነው፤ ከዚያ በኋላ የቀረው ድምፅ መስጠት ብቻ ነው።

«እዚህ አትጩኺ፣ እትዬ።»

«የት ሄጄ ልጩኽልሽ? ቤትሽ ስመጣ የለሽም። ስልክ አታነሺም። ከንቲባ ከሆንሽ ወዲህ አንቺን ለማግኘት ቀጠሮ ልያዝ?»

ቨርና ሁዳክ ዙሪያዋን ቃኘች። የምታስተዳድራት የክሌይፎርድ ከተማ ሰዎች በር በሩን ይዘው ቆመዋል። የብረት ፋብሪካው ከተዘጋ ጀምሮ እንዲህ ግልብጥ ብለው ወጥተው አያውቁም።

«እውነት ነው» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «እቅዱ ውስጥ ለድልድዩ ማደሻ የተያዘ ነገር የለም። ይፈርሳል።»

ዶሎረስ ክንዷን ለቀቀቻት። ባሏ ስታን ኩላሊቱ ከደከመ ወዲህ እጥበት የሚደረግለት ከወንዙ ማዶ ባለው ክሊኒክ ነው። በዚያ ዝገት በበላው ድልድይ ላይ እየነዳች የምታመላልሰው እሷ ናት። ድልድዩ ከሌለ በአውራ ጎዳናው ጎረቤት ከተማ ሃርዊክን ዞሮ መሄድ ነው፤ በረዶ በጣለ ቀን ደግሞ ያ መንገድ የሚታሰብ አይደለም።

«ታዲያ እምቢ በያ! አፍ የለሽም?»

«እኔ እምቢ ካልኩ ዘጠኙም ከተማ ባዶ እጁን ይቀራል። ሁላችንም የተስማማንበት አንድ እቅድ ካላቀረብን ከዋሽንግተን ሰባራ ሳንቲም አይመጣም። ሕጉ እንደዚያ ነው።»

«ሕጉ እንዲወጣ ማን ነው ደጅ የጠናው?»

የፌዴራሉ ገንዘብ ለየከተማው ተቆራርሶ መሰጠቱ እንዲቀር ዋሽንግተን ድረስ ሄዳ የተሟገተችው ራሷ ቨርና ናት። «እኛ መንገድ ስንሠራ ጎረቤታችን ፋብሪካችንን ሊነጥቀን ሌላ መንገድ ይሠራል» ብላ ነበር በምክር ቤቱ ኮሚቴ ፊት። «ሰዉ አንዱ ከተማ ያድራል፣ ሌላው ውስጥ ይሠራል፣ ሌላው ውስጥ ይታከማል። ኑሯችን አንድ ነው፤ ገንዘቡም ለሸለቆው ሁሉ ባንድ ይሰጥ።» ያን ዕለት ዶሎረስ በቴሌቪዥን አይታት ደውላ «ምነው እናታችን በኖረችና ባየችሽ!» ብላ አልቅሳ ነበር።

«ሕጉ ጥሩ ሕግ ነው» አለች ቨርና።

«ለማን?»

ይሄኔ የሃርዊክ ከንቲባ ከርቲስ ኦግልስቢ ከአዳራሹ ብቅ አለ። መለሎ፣ ጠይም፣ ዕድሜው ወደ ስልሳዎቹ የተጠጋ ሰው ነው። «ከንቲባ፣ እርስዎን ብቻ ነው የምንጠብቀው።»

«አንተ ነህ አይደል በድልድያችን ገንዘብ አውቶቡስህን የምትልክብን?» አለችው ዶሎረስ።

«እኔ ነኝ፣ እመቤቴ።» አልተቆጣም። «የኔ ሰዎች እናንተ ከተማ ያሉት የሚሠሩባቸው መጋዘኖች ጋ ለመድረስ ጎህ ሳይቀድ ይነሳሉ። እናንተ ድንበር ላይ አውቶቡሱ ያራግፋቸዋል፤ የቀረውን በአስፋልቱ ጠርዝ በእግራቸው ነው። ባለፈው ጥር አንዲት የልጆች እናት መኪና ገጭቶ ገደላት። ክሌይፎርድ አውቶቡስ አላሳልፍም ማለት ከጀመረች ሃያ ዓመት አለፋት።»

«እኔ ነኝ የገጨኋት?»

«አላልኩም።»

«የኔስ ባል? እሱ ሰው አይደለም?»

«ነው እንጂ» አለ ከርቲስ። በሩን ይዞላቸው ቆመ።

ሰብሳቢዋ የከተሞቹን ስም በተቀመጡበት ቅደም ተከተል ጠራች። ሁሉም «እንስማማለን» አሉ። ክሌይፎርድ መጨረሻ ላይ ናት።

«አንድ ነገር ይጨመርልን» አለች ቨርና። «ድልድዩ ሲፈርስ በሽተኞችን የሚያመላልስ መኪና።»

«ክብርት ከንቲባ፣ ማመልከቻው ነገ መድረስ አለበት። አሁን እቅዱ እንዳለ ይጸድቃል፣ ወይም ይወድቃል።»

ከርቲስ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ። «በሚቀጥለው ዓመት እናስገባዋለን። ቃሌ ነው።»

ቃሉን አመነችው። ግን አንድ ዓመት ቅርብ የሚሆነው ለጤነኛ ሰው ነው። በአስፋልቱ ጠርዝ በጨለማ የምትሄደው ሴት በሐሳቧ መጣችባት፤ ወዲያው ደግሞ ስታን፣ ሶፋው ላይ ብርድ ልብስ ተከናንቦ፣ «መጣሽ፣ አለቃ?» እያለ ሲቀልድባት። ሁለቱን በምን ትመዝናቸው? ከኋላዋ ወንበር ሲንቋቋ ሰማች። አልዞረችም።

«ክሌይፎርድ ትስማማለች።»

«ሸጠችን!» ብሎ አንዱ ከኋላ ጮኸ። ከሃርዊኮች በኩል ጭብጨባ ተነሳ። ቨርና ወረቀቷን ሰበሰበች፤ የሚያጨበጭቡትንም የሚሰድቧትንም ቀና ብላ የምታይበት ዓይን አጣች።

ወደ መኪና ማቆሚያው ስትወጣ ሰዉ አብዛኛው ሄዷል። ዶሎረስ ብቻዋን ቆማለች። ይዘዋት የመጡት ጎረቤቶቿ ተናደው፣ የከንቲባዋን እህት ትተው ሄደዋል።

«ነይ ላድርስሽ» አለች ቨርና፤ የጋቢናውንም በር ከፈተችላት።

ዶሎረስ የተከፈተውን በር ለአፍታ አየችው። ከዚያ አለፈችውና የኋላውን ከፍታ ገባች። ቀበቶዋን አሰረች፤ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አስቀመጠች፤ ታክሲ እንደተሳፈረ የሩቅ አገር ሰው ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።