ያልሠራው መድኃኒት

ሐኪሙ የደም ውጤቱን ደጋግሞ አየና ወደ እናትየው ዞረ። የልጇ የነቢዩ ጉበት ከምግብ የሚገባውን መዳብ ማስወገድ ስላቃተው፣ እጁ እየተንቀጠቀጠ ማንኪያ መያዝ ተስኖታል።

«መድኃኒቱ እስካሁን ሊያሻሽለው ይገባ ነበር፣ እናቴ። ከወተት ጋር ነው የሚሰጡት?»

«ኧረ በባዶ ሆዱ ነው፣ ዶክተር።»

«የደም ማነስ ኪኒንስ ይወስዳል? አብሮ ከተወሰደ ኃይሉን ያጠፋዋል።»

«ከዚህ ሌላ ምንም አይቀምስም።»

«ለጸበል ብላችሁ አቋርጣችሁት ነበር?»

«አንድ ቀን አላቋረጥኩበትም። እሱን ይንሳኝ።»

ሐኪሙ ወረቀቱን አስቀመጠ። «በሽታው በዘር የሚሄድ ነው። እህቱን ያምጧት ብዬዎት ነበር።»

«እሷ ደህና ናት» አለችና ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ወጣች።

ቤት ስትደርስ፣ የነቢዩ እህት ትርሲት ነገ መልስ ሊቀበሉ ለሚመጡት ሽማግሌዎች ቤቱን እያሰናዳች ነበር። ለሙሽራው ወገኖች፣ ነቢዩ ከዛፍ ወድቆ ነው የታመመው ተብሏል።

እናት በሩን ዘጋች። የነቢዩን ኪኒን በቢላ ለሁለት ከፍላ ግማሹን አስዋጠችው። የቀረውን ለትርሲት ሰጠቻት። ትርሲት ብርጭቆውን በሁለት እጇ ጨብጣ፣ ከጥርሷ ጋር እየተንቋቋባት፣ እንደ ምንም ዋጠችው።