ባለትልልቅ ቁልፉ ኮት

ልብስ ሰፊው የጀልባ ትኬት ሲቆርጥ ሻንጣው ውስጥ ሁለት ነገር ነበር፤ አንድ አዲስ ኮትና አንድ አሮጌ ሽጉጥ። ኮቱ ለሰው ነው። ሽጉጡ ለአዞ።

ጫካው መሃል ያለችው የወንዝ ዳር መንደር የምትኖረው በአንድ አዞ ነው። «ሽማግሌው» ይሉታል። ሌሎቹን አዞዎች አባሮ ወንዙን ብቻውን ይዞታል። ምስሉ የትኬት ቤቱ ግድግዳ ላይ ተስሏል፤ ከእንጨት ተቀርጾም ይሸጣል።

ከሁለት ዓመት በፊት የልብስ ሰፊውን ታናሽ ወንድም ከጀልባ ላይ ጎትቶ የወሰደው እሱ ነው። ያን ጊዜ መንደሩ ለአንድ ወር ለጎብኚ ተዘጋ። ሲከፈት የጎብኚው ቁጥር ጨመረ እንጂ አልቀነሰም። ሰው እንዲህ ነው።

የዚያን ቀን አንድ የመንደሩ ሰው ቢላ ይዞ ከወንድምየው ኋላ ዘሎ ገብቶ ነበር። አላዳነውም። ከቀኝ እጁ ሁለት ጣት አጥቶ ወጣ። ልብስ ሰፊው ኮቱን የሰፋው ለዚህ ሰው ነው፤ በሦስት ጣት ለመቆለፍ እንዳይቸገር ቁልፎቹን ትልልቅ አድርጎለታል።

ዛሬ ጀልባዋን የምትቀዝፈው የዚያ ሰው ሚስት ነበረች።

«ባለቤትሽን አግኝቼ ላመሰግነው ነበር፣ እህቴ።»

«ማታ ያገኙታል፣ ጋሼ። አሁን ሥራ ላይ ነው።»

ልብስ ሰፊው ፈገግ አለ፤ ፈገግታው ግን ከአንገት በላይ ነበር። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባል የለ?

የጀልባዋ ወለል ላይ ደረቅ ፎጣና የሻይ ፔርሙስ ተቀምጧል።

«ይሄ ለእንግዳ ነው?»

«ለሚበርደው ሰው ነው። የዛሬው ውሃ አይጣል ነው፣ ብዙ አንቆይም።»

ወንዙ የሚታጠፍበት ቦታ ሲደርሱ በመቅዘፊያዋ ውሃውን ሦስት ጊዜ መታች። ከሸምበቆው ውስጥ የሳል ድምፅ ተሰማ።

«ጦጣ ናት» አለች ፈጠን ብላ።

ሽማግሌው ከሸምበቆው ወጣ። ከውሃው በላይ የሚታየው ራሱና ጀርባው ብቻ ነው። ሃያ እርምጃ ያህል ራቅ ብሎ ቀስ እያለ ይዋኛል፤ አፉን አልከፈተም።

«እስቲ ጠጋ አድርጊኝ።»

«ከዚህ አይታለፍም፣ ጋሼ። እሱ አንድ ነገር ከሆነ መንደሩ አለቀለት።»

ልብስ ሰፊው ውስጡ ተቃጠለ። ወንድሙን ለበላ አውሬ ጠበቃ ቆማለች። ባሏም ጣቱን የከፈለው ለዚህ ኖሯል?

አዞው ዞር ሲል በጎኑ ላይ ቀጥ ያለ መስመር ታየ። አርባ ዓመት መርፌ የያዘ ሰው ስፌት አይስትም።

«ያ ምንድን ነው? የተሰፋ ይመስላል።»

ሴትዮዋ ፊቷን ወደ ዳር አዞረች። «ጠባሳ ነው። ድሮ በቢላ የወጋው ሰው አለ።»

«እጁ ይባረክ» አለ ልብስ ሰፊው። ሻንጣውን ከፈተ። «እሱ የጀመረውን እኔ ልጨርሰው።»

ሽጉጡን ስታይ መቅዘፊያው ከእጇ ወደቀ።

«ጋሼ! በፈጠረዎት! አይተኩሱ፣ እሱ...»

ሁለት ጊዜ ተኮሰ። በወጣትነቱ ወታደር ነበር፤ አልሳተም። አዞው ተገለበጠና ዙሪያው ቀላ።

ሴትዮዋ እየጮኸች ውሃው ውስጥ ዘላ ገባች። ዋኝታ ደረሰችበትና አቀፈችው። ልብስ ሰፊው ተገረመ። ለአውሬ እንዲህ ይለቀሳል? እሱን ግን ከሁለት ዓመት በኋላ ገና አሁን ቀለለው።

«አይዞሽ፣ እህቴ!» ብሎ ተጣራ። «የወንድሜን ደም መለስኩ። የባልሽንም ጣቶች።»

ከዚያ ኮቱን ከሻንጣው አወጣና እንድታየው በሁለት እጁ ዘረጋው።

«ይሄ የሱ ነው። ማታ ሲመጣ ይለካው፤ ካልሆነው አስተካክልለታለሁ።»

አልሰማችውም። በጥፍሯ የአዞውን ስፌት እየበጣጠሰች ነበር።

መጀመሪያ የወጣው እጅ ነው፤ ሁለት ጣት ይጎድለዋል።